መለያ ቁጥሩ 110 የሆነ ግመል

ቅጽ በመሙላት የሚወዳደረኝ ሰው ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው መንገድ ላይ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራማ ቢሆን «ከጎንደር እስከ መተማ» እል ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። በዚያ ዘመን በእጄ ያለፈው ወረቀት ቢነጠፍ የአብደራፊን እርሻ ሸፍኖ ይተርፋል። ሥራዬን ከለቀቅሁ ወዲህም እዚሁ ኮኪት፣ ከደጃፋችን ካለችው ራኩባ፣ ከሣር ዳሷ ጥላ ሥር፣ እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ ሰክቼ እቀመጣለሁ። ቅጽ የከበደው ሁሉ ወደኔ ይመጣል።

ሕጌ አንድ ነው፤ ባዶ ቦታ አይተውም። ባዶ ቦታ የተወ ሰው በሩን ሳይዘጋ እንደተኛ ቁጠሩት፤ ማን ገብቶ ምን እንደሚጽፍበት አያውቅም። አንድ ጊዜ ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ ሠራተኛ መታወቂያ ሊያወጣ ቅጹን አመጣልኝ። «የቤት ቁጥር» የሚል ቦታ አለ። ልጁ የሚያድረው ሰሊጡ ማሳ ዳር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሰረዝ አድርጎበት ያልፍ ነበር። እኔ ግን «ከትልቁ ዋርካ በስተምሥራቅ፣ ሁለተኛው ሸራ» ብዬ ሞላሁለት። መታወቂያው ወጣለት። ሸራውን በማግስቱ ነፋስ ወሰደው፤ ያ እንግዲህ የኔ ጥፋት አይደለም።

አሁን ባለቤቴን ላስተዋውቃችሁ። አትጠገብ ትባላለች። ስሟን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ መቼም ያወጡላት አፏን ሳትፈታ በፊት መሆን አለበት። እኒሁ አባቷ ሲሞቱ አንድ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያና አንድ ግመል አወረሷት። መጭመቂያው እናንተ ከተማ የምታውቁት በመብራት የሚሠራው አይደለም። ከወፍራም ግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ሙቀጫ ነው፤ ውስጡ ዘነዘና ይቆማል፤ ዘነዘናው ከረጅም አግዳሚ ጋር ይታሰራል፤ አግዳሚውን ደግሞ ግመሉ ዓይኑን በጨርቅ ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ እየዞረ ይጎትተዋል። ሱዳኖቹ አሳራ ይሉታል፤ እኛም ከነሱ ሰምተን አሳራ እንለዋለን። የሚወጣውን ዘይት የቀመሰ ሰው የሱቅ ዘይት ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ግመሉ ሸጋው ይባላል። ስሙን የሰማ መልኩን ባያይ ይሻለዋል። ታችኛው ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ አንድ ጆሮው የተተለተለ፣ ሰውን ሁሉ ዕዳ እንዳለበት አድርጎ የሚያይ ፍጥረት ነው። አትጠገብ ግን ከኔ ይልቅ እሱን በቁልምጫ ትጠራለች። እኔ «አንተ ሰውዬ» ነኝ፤ እሱ «ሸጋዬ» ነው።

ችግራችን እንዲህ ነው። ሰሊጥ የሚረክሰው አጨዳው ባለቀ ሰሞን ነው። ገበሬው ለቀን ሠራተኛ የሚከፍለው ስለሚቸግረው በየጓሮው ይሸጣል። ቢቆይ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው፤ ከዚያ የነጋዴ መኪና ይመጣና ጠራርጎ ይወስደዋል። አምና እጃችን ላይ ምንም ስላልነበረ ሰሊጡ ዓይናችን እያየ አለፈን። አሳራው ቆመ። ሸጋው ሥራ ፈቶ ይበላል፣ አትጠገብ ሥራ ፈታ ታየዋለች። ሁለት ጊዜ ገበያ አውጥታው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ገዢው ገመዱን ሲይዝ እንባዋ መጣና መልሳ አመጣችው። ዘንድሮም ሰሊጥ ሳትገዛ ከቀረች ሦስተኛው ገበያ መመለሻ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን። አንነጋገርበትም እንጂ።

ስለዚህ ብድር ልትጠይቅ ቆረጠች። ወደ ብድርና ቁጠባ ቢሮው አጅቤያት ሄድኩ። የብድር ክፍሉ ኃላፊ መላኩ የሚባል ትሁት ወጣት ነው። እኔ ገና ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ ለመፈረም መነጽሬን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ የባል ፊርማ ቀርቷል» አለኝ። «ብድር በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በጋብቻ አይለይም። እትዬ አትጠገብ ለብቻቸው መበደር ይችላሉ።»

አትጠገብ ፊቷ በራ። እኔም በመርህ ደረጃ ደስ አለኝ። ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት ስፈርም ለኖርኩ ሰው «ፊርማህ ቀርቷል» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። መነጽሬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ፤ ቅር አለኝ፣ አልዋሻችሁም።

መላኩ ሁለት ቅጽ ሰጣት። አንደኛው ብድሩ ያለ አድልዎ መሰጠቱን የሚያረጋግጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚሠራው ነገር የሚበላ ስለሆነ ለተጠቃሚው ጤና አስጊ አለመሆኑ የሚታይበት ነው። ቤት እንደደረስን አትጠገብ ቅጾቹን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣

«እኔው ቀስ እያልኩ ብሞላውስ?» አለች።

ማንበብ የተማረችው ከሁለት ዓመት ወዲህ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ አንዷንም ሳትዘል ነው የምታነበው። በሷ አካሄድ ቅጹ ሲያልቅ ሰሊጡ እንደገና ተዘርቶ ይታጨዳል።

«አትጠገብ፣ ዶክተር ቤት ተቀምጦ በሽታ በሰፈር መድኃኒት አይታከምም» አልኳትና ወረቀቱን ወሰድኩ።

የአድልዎው ቅጽ ድንቅ ነገር ነው። አድልዎ እንዳይደረግብህ መጀመሪያ ምንህ ላይ አድልዎ ሊደረግ እንደሚችል መታወቅ አለበትና «ሃይማኖትዎን ተጠይቀዋል? ካልተጠየቁ ሃይማኖትዎን ይግለጹ» ይላል። ቀጥሎ «የጋብቻ ሁኔታዎን ተጠይቀዋል? ካልተጠየቁ የጋብቻ ሁኔታዎን ይግለጹ» ይላል። እንዲህ ያለ ቅጽ ሳይ ልቤ ይሞቃል፤ የሚያመልጠው ሰው የለማ። ሁሉንም ሞላሁ። የመጨረሻው ጥያቄ «ብድሩን እንዳያገኙ እንቅፋት የሆነብዎት ሰው አለ?» የሚል ነበር። በሚያምር እጅ ጽሑፌ «የለም። ሁሉም ይተባበረኛል፤ በተለይ ባለቤቴ» ብዬ ዘጋሁት።

ወደ ሁለተኛው አለፍኩ። መሀሉ ላይ «የማሽኑ ዝርዝር ሁኔታ» የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ ስምንት ቦታ።

«ማሽን የለንማ» አለች አትጠገብ። «ዝለለው።»

«ዝለለው?! ስምንት ባዶ ቦታ? በኔ እጅ?»

«እንግዲያው ግመል ነው ብለህ ጻፍ።»

«ግመል ብዬ ብጽፍ ኋላ ቀር ናት ብለው ይከለክሉሻል። መሥሪያ ቤት የራሱ ቋንቋ አለው። ቋንቋውን ለሚያውቅ ተይው።»

ተወችው። እኔም ተያያዝኩት። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ አንዲት የሐሰት ቃል አልጻፍኩም። የማሽኑ ዓይነት ለሚለው «በዙሪያ የሚሽከረከር መጭመቂያ» አልኩ፤ ይሽከረከራል። የተገኘበት አገር ሱዳን፤ አማቼ ሸጋውን የገዙት ገላባት ገበያ ነው። አገልግሎት የሰጠበት ዘመን ዘጠኝ ዓመት። የሚጠቀመው ነዳጅ «የሰሊጥ ተረፈ ምርት»፤ የሚበላው ፋጉሎ ነዋ፣ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን። ማቀዝቀዣ ለሚለው «ውሃ፣ በአራት ቀን አንዴ»። ድምፅ፦ «አልፎ አልፎ፣ በተለይ ሲነሣ»። ጭስ የሚለው ላይ ትንሽ አሰብኩ፤ ከሸጋው ኋላ የሚወጣ ነገር አለ፣ ግን ጭስ ሊባል አይችልም። «የለውም» አልኩ።

ስምንተኛው ላይ ተሰነግኩ። «መለያ ቁጥር» ይላል። ግመል ከየት ያመጣዋል? እስክሪብቶዬን ነክሼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሸጋው ቆሞ ያመነዥካል። አንገቱን አየሁ። ሱዳኖቹ ግመሎቻቸው እንዳይጠፉባቸው በጋለ ብረት ምልክት ያደርጉባቸዋል፤ የሸጋው ምልክት ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮችና ከነሱ ጎን አንድ ክብ ነው። አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ። እግዜር ሊረዳህ ሲፈልግ እንዲህ አንገት ላይ ጽፎ ይጠብቅሃል! ሮጬ ገብቼ «110» ብዬ ሞላሁ።

የሞላሁትን ጮክ ብዬ ሳነብላት አትጠገብ ግራ ገብቷት አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ የኔ ሸጋው ነው?»

«የመሥሪያ ቤት ስሙ ነው» አልኳት።

ቅጹን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ከጀርባውም ጽሑፍ ነበረበት። የቅጽ ጀርባ ግን ማንም አያነበውም፤ በአስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው ገልብጦ ሲያነብ አላየሁም።

በማግስቱ መላኩ ቅጹን ሲያነብ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይኼ ማሽን ነዳጅ አይገዛም ማለት ነው?»

«ምን በወጣው!»

«ጭስም የለው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ይኼማ ለአካባቢው ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ነገር ነው!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ፍተሻው እንዲፋጠን ደብዳቤ ጽፎ ቅጂውን ለሚመለከተው ሁሉ ላከ። «ግመል ሰርቆ ማጎንበስ» ይባላል አይደል? እኔ ግን ቀጥ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው ከዚያ ቢሮ የወጣሁት።

ሦስት ቀን ጠበቅን። በሦስቱም ቀን ሰሊጡ በየጓሮው ይመዘናል። አትጠገብ በር ላይ ቆማ የሚያልፈውን መኪና ትቆጥራለች፤ ማታ ስገባ ሰላምታዬን ሳትመልስ «ዛሬ ዘጠኝ አለፈ» ትለኛለች። እኔ ግን አልተጨነቅኩም። የኔ ቅጽ ተመልሶ አያውቅማ።

በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ከድንበር በኩል የሚገባ ዕቃ የሚቆጣጠሩ ሰው ናቸው፤ አቶ ጌጡ ይባላሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው።

«መለያ ቁጥሩ 110 የሆነ ከሱዳን የገባ ማሽን አለዎት?»

«አለን!» አልኩ በኩራት።

«የገባበት ዲክላራሲዮን?»

«በእግሩ ነው የገባው።»

ወረቀት ገለበጡ። ሲጽፉ ይሰማኛል።

«በእግር መንገድ ተደብቆ?»

«ኧረ ምን ቆርጦት! በጠራራ ፀሐይ ነው፤ አማቼ እየጎተቱት።»

«ክብደቱ ስንት ነው?»

«አምስት ኩንታል አያጣም።»

«አምስት ኩንታል ማሽን አንድ ሰው ብቻውን ጎተተው?»

«ካልተናደደ ራሱ ይሄዳል እኮ!»

እንደገና ጻፉ። «ተንቀሳቃሽ ነው እንግዲህ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ታርጋ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ላብ ያላበኝ። ሙቀቱ መሰለኝ፤ የኛን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት መኪና ደጃችን ቆመ። ከአንደኛው ወይዘሪት ሐና የምትባል የጤና ፍተሻ መርማሪ ወረደች፤ የደኅንነት ቆብ አድርጋለች፣ ከደጋ በቅርብ ስለመጣች ሙቀቱ ፊቷን በርበሬ አስመስሎታል። ከሁለተኛው፣ ከጭነት መኪናው፣ አቶ ጌጡ ወረዱ። ጡረታ የደረሱ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ ፋይል በብብታቸው የያዙ ሰው ናቸው።

«አባባ፣ ማሽኑን ያሳዩኝ» አለች ሐና።

አባባ! እስቲ አሁን እኔ አባባ ነኝ? ግን ዋጥ አደረግኩት።

«ማሽኑ ለጊዜው ቁርሱን እየበላ ነው» አልኩ።

አትጠገብ ወደ ጓሮ አለፈች። ሸጋውንም በገመድ እየሳበች አመጣችው። ሐና ግመሉን አየች፣ ቅጹን አየች፣ እንደገና ግመሉን አየች። «ማቀዝቀዣ… ውሃ፣ በአራት ቀን አንዴ…» ብላ አነበበች። «ድምፅ… በተለይ ሲነሣ…» ከዚያ ያ ቆቧ ወደቀ፤ እሷም አጠገቧ ባለው ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

አቶ ጌጡ አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ሸጋው አንገት ተጠጉና በጣታቸው ተከተሉት። «አንድ። አንድ። ዜሮ። ቁጥሩ ይኸው ነው» አሉ።

«ጋሽ ጌጡ፣ ግመል እኮ ነው!» አለች ሐና።

«ግመል መሆኑንማ አያለሁ ልጄ፤ ዓይን አለኝ። ወረቀቱ ግን ማሽን ነው የሚለው። እኔ ደግሞ የምሠራው በዓይኔ አይደለም፣ በወረቀት ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ በልቤ አደነቅኋቸው። እንዲህ ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል?

መጀመሪያ መኪናው ላይ ሊያስጭኑት ሞከሩ። የሸጋውን ድምፅ ያን ቀን የሰማ ሰው ገለጉ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም ብሏል፤ ቅጹ ላይ የጻፍኩት እውነት መሆኑ በዚሁ ተረጋገጠ። መጫኑ ሲያቅታቸው «ባለበት ይታሸግ» አሉ። «ታሽጓል» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት ከፋይላቸው አወጡ። ማጣበቂያ የለም። ሾፌሩ ከጎረቤት ሊጥ ለምኖ መጣ፣ ወረቀቱን በሊጥ ቀብተው ሸጋው ጎን ላይ ለጠፉት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ተመለከቱት። ሸጋውም አንገቱን አዙሮ ተመለከተው። አሸተተው። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ማኅተሙን ሳያስቀር፣ በላው።

ሾፌሩ የተረፈውን ሊጥ እንደያዘ ቀረ። ሸጋው ብቻ ያላምጣል።

«እሽግ ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል» አሉ አቶ ጌጡ፤ ድምፃቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ማንን እንደሚጠይቁ የጠፋቸው መሰለኝ።

ይኼኔ አትጠገብ ፈነዳች። ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ከፊታቸው ቆመች።

«አባቴ፣ ይኼ ግመል ያባቴ ነው። ከአሳራው ሌላ የተወልኝ ነገር የለም። ሰሊጡ እያለቀ ነው፤ ዛሬ ነገ ሲባል አምና አለፈኝ፣ ዘንድሮም ካለፈኝ እሸጠዋለሁ። እኔ ማሽን አለኝ ብዬ አላውቅም። የሚታሸግ ነገር ካስፈለገዎት ባሌን ያሽጉት፤ ግመሌን ይተዉልኝ።»

አቶ ጌጡ ዞረው አዩኝ። እግዜር ይይላቸው፣ ለአፍታ ሐሳቡን የመዘኑት መሰለኝ።

የታደገችን ሐና ናት። እንባዋን ጠርጋ ተነሣች። «ቆይ፣ የመጣሁበትን ልሥራ» አለችና ወደ አሳራው ገባች። አትጠገብን መጠየቅ ጀመረች፤ እኔን አይደለም። ሙቀጫው በምን ይታጠባል? በፈላ ውሃ፣ በየማታው። ዘይቱ በምን ይጠለላል? በነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ይቀቀላል። ጀሪካኑስ? አዲስ ብቻ፣ የጸረ አረም መያዣ የነበረ እዚህ ግቢ አይገባም፤ አምና አንድ ሰው በዚያ ጀሪካን ቅጂልኝ ብሎ ቢመጣ ቅዱስ ገብርኤልን ጠርታ አባርራዋለች። ሐና ትጽፋለች። እኔ ከሷ ጋር ሃያ ምናምን ዓመት ስኖር ይህን ሁሉ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«አስቸኳይ ማቆሚያስ አለው?» አለች ሐና እየሳቀች።

አትጠገብ ወደ ሸጋው ዞራ «ኢኽ!» አለችው። ሸጋው ባለበት ተንበረከከ።

«አለው» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ «በቦታው ተገኝተን ባየነው መሠረት ማሽን አልተገኘም» ብላ ቃለ ጉባኤ አዘጋጀች። አቶ ጌጡ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ትከሻቸው ሲቀል አየሁ።

«ማሽን ካልተገኘ የሚታሸግም የለም። ተማም፣ ሁሉም ደኅና» ብለው ፈረሙ።

«ስለ ግመሉስ? የእሱ ወረቀት…» አልኩ እኔ። ምን ላድርግ፣ የተንጠለጠለ ነገር አልወድም። አትጠገብ እግሬን ረገጠችኝ።

«ግመል የሌላ ክፍል ነው» አሉ አቶ ጌጡ፤ ሌላው ክፍል ሳይሰማ ቶሎ ብለው መኪናቸው ላይ ወጡ።

ሐና ግን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። «እትዬ፣ ዘይትዎ አልፏል። ቅጹ ግን ወድቋል። ነገ እስከ እኩለ ቀን ሁለቱም ቅጾች በአዲስ ተሞልተው ካልደረሱ ተራው ያልፍብዎታል፤ ቀጣዩ ከሰሊጡ በኋላ ነው።» ይህን ብላ የወደቀውን ቅጽ ለአትጠገብ ሰጠቻት። አትጠገብ ተቀበለችና፣ እንደ ልማዷ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አየችው። ጀርባው ላይ ቆመች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አደረገች።

«በ… እንስሳ… ጉልበት… ለሚሠሩ…» ሁላችንም ጠበቅናት። «…የማሽኑን ሰንጠረዥ… በባዶው… ይተዉት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቅጹን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሻጠችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። አይዟችሁ፣ እኔ ካፈሰስኩት አንድም አልቀረ፤ ሰሊጡ ተገዝቷል፣ ሸጋው ይኸው ይህን ሳወጋችሁ በጓሮ እየዞረ ነው፣ ሲጢጥ የሚለው የአሳራው ድምፅ ይሰማኛል። ግን በማግስቱ መላኩ ቢሮ የሆነውን ሳልነግራችሁ ብቀር ባዶ ቦታ መተው ይሆንብኛል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገባን። አትጠገብ አዲሶቹን ቅጾች ተቀበለችና ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብላ እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ መዘዘችው። እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መልሼ ሰበሰብኩት።

ጀመረች። ምላሷን በጥርሷ ያዝ አድርጋ፣ አንድ ፊደል ስትጥል ሌላ ሰው አንድ ገጽ ይጨርሳል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ «የእናት ስም እዚያ አይደለም፣ እዚህ» ስላት «ኸላስ! ዝም በል» አለችኝ። ዝም አልኩ። ስምንቱ ሳጥኖች ጋ ስትደርስ አለፈቻቸው። ስምንት ነጭ ሳጥን! ላለማየት በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የአድልዎው ቅጽ የመጨረሻ ጥያቄ ላይ ደረሰች። ጣቷን አስኬደች። «ብድሩን… እንዳያገኙ… እንቅፋት የሆነብዎት… ሰው አለ?» ቆመች።

«የለም በያ» አልኳት ሰዓቱን እያየሁ። «ወይም ዝለይው፤ ደግሞ ለዚህ!»

ሳትዞር፣ «ባዶ ቦታ አይተውም አላልክም?» አለችኝ።

«ብያለሁ» አልኩ። ብያለሁ እኮ፤ ምን ልበል?

ጎንበስ ብላ ጻፈች። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲወለዱ ከላይ ሆኜ አነበብኳቸው። ባ። ለ። ቤ። ቴ። ከሥሩ «የእንቅፋቱ ዓይነት» የሚል መስመር አለ። እሱንም አልተወችውም፤ «ቅጽ ይሞላል» ብላ ጻፈችና አራት ነጥብ አደረገችበት።

መላኩ ተቀብሎ አነበበ። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ተመልሶ ወረቀቱን አየ። መሥሪያ ቤት ነውና ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «እትዬ፣ እንቅፋቱ ተወግዷል?» ሲል ጠየቃት።

አትጠገብ እጇን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «እስክሪብቶውን ቀምቼዋለሁ።»

መላኩ ማኅተሙን አነሣ። ቆይ አልኩት። አስራ ዘጠኝ ዓመት የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ያላየሁት ወረቀት በፊቴ አይታተምም። ያን ቀጥ ያለ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ ከላይ እስከ ታች መረመርኩት። እጅ ጽሑፉ ጠማማ ነው። ስሕተት ግን አንድም አላገኘሁበትም።